ለብዙ ቀን የእግር ጉዞ ቀላል ስንቅ እንዴት ይቋጠራል?

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ክረምቱ ወጥቶ ጭቃው ሲጠነክር ወደ አንኮበር፣ ወደ ወፍ ዋሻ ደንና ወደ መንዝ ጓሳ በእግር መጓዝ ልማዴ ስለሆነ፣ ከመስከረም ጀምሮ «ለአራት ቀን ምን ስንቅ ልያዝ? ምንስ ያህል?» የሚል ጥያቄ ሳይደርሰኝ የሚያልፍ ሳምንት የለም። ለእያንዳንዱ ጠያቂ በየጊዜው ከመመለስ ይልቅ አሠራሩን ከነምክንያቱ እዚህ አስፍሬዋለሁ። መጠኑ የተሰላው ስንቁን በጀርባው ለሚሸከም አንድ ጤናማ አዋቂ ሰውና ለአራት ቀን ነው። ቀኑ ቢበዛም ቢያንስም በዚያው ልክ ማባዛት ወይም መቀነስ ትችላላችሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ያዙ፤ ስንቅን የሚያከብደው በውስጡ ያለው ውኃ ነው። ከትኩስ እንጀራ ክብደት ከግማሽ በላዩ ውኃ ነው፤ ድንችም፣ ወጥም እንዲሁ ናቸው። ውኃ ጉልበት አይሰጥም፤ ምግብንም የሚያሻግተው እሱ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ ውኃውን ቤት ትቶ፣ ደረቁን ተሸክሞ፣ ውኃውን በመንገድ ላይ መልሶ መጨመር ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ምግቡ (ለአንድ ሰው፣ ለአራት ቀን)፦

- በሶ 800 ግራም
- ድርቆሽ 600 ግራም
- ገብስ፣ ሽምብራና ኦቾሎኒ የተቀላቀለበት ቆሎ 480 ግራም
- ምጥን ሽሮ 240 ግራም
- ዳቦ ቆሎ 240 ግራም
- ስኳር 240 ግራም
- ንጥር ቅቤ (ለጾም ዘይት) 200 ግራም
- ቋንጣ 120 ግራም
- ጨው፣ ሻይ ቅጠልና ሁለት ወይም ሦስት እሽግ ኦ አር ኤስ (በውኃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት)

ዕቃው፦

- ሚዛን፤ ከሌላችሁ ሰፈር ያለ ባለ ሱቅ እንዲመዝንላችሁ ጠይቁ
- ወፍራም የፕላስቲክ ከረጢቶችና መጻፊያ ማርከር
- ክዳኑ የሚጠብቅ ትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ለቅቤው ወይም ለዘይቱ
- አንድ ሊትር ተኩል የሚይዝ ክዳን ያለው ቀላል ድስት፣ ኩባያና ማንኪያ
- ትንሽ ምድጃ ከነነዳጁ፣ በሁለት ቦታ የተቀመጠ ክብሪት
- በድምሩ ሦስት ሊትር የሚይዙ የውኃ ዕቃዎች
- ከፋርማሲ የተገዛ የውኃ ማከሚያ

ማር የሚወድ ሰው በስኳሩ ፈንታ ማር ሊይዝ ይችላል፤ ይሁን እንጂ ከማር ክብደት አንድ አምስተኛ የሚጠጋው ውኃ ነው፤ በዚያ ላይ በደጋው ብርድ ጠጥሮ ከዕቃው አልወጣ ስለሚል፣ ለጉዞ እኔ ስኳር እመርጣለሁ።

አሠራር

1. ቀኑንና የሚበላውን ሰው ቁጠሩ።

ሚዛን ከመያዛችሁ በፊት የቀን መቁጠሪያ አውጡ። የጉዞው ቀናት የትኞቹ እንደሆኑ፣ ከመካከላቸው ረቡዕና ዓርብ ስንት እንደሆኑ፣ ጉዞው በጾም ወቅት ውስጥ ይውል እንደሆነም ጻፉ። ለእግር ጉዞ እጅግ የሚመቹት ኅዳርና ታኅሣሥ ከኅዳር 15 ቀን ከሚገባው ከነቢያት ጾም ጋር ስለሚገጥሙ፣ ይህን ሳያስቡ ቅቤና ቋንጣ ይዞ የወጣ ጿሚ የስንቁን ጥሩ ክፍል ሳይነካው ተሸክሞት ይመለሳል። ለጿሚ ቋንጣው ይቀርና ለየቀኑ 20 ግራም ኦቾሎኒ ይጨመራል፤ ቅቤው በእኩል መጠን በዘይት ይተካል፤ ዳቦ ቆሎውም በዘይት ይጋገራል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ደግሞ ሙሉ ቀን ሸክም ይዞ መውጣት መውረድ ከባድ ስለሆነ፣ አስቀድሞ ከንስሐ አባቱ ጋር ይነጋገር፤ የዕለቱንም ጉዞ አጭር ያድርግ።

ክርስቲያንና ሙስሊም አብራችሁ የምትጓዙ ከሆነ ቋንጣውን ከጋራው ስንቅ አውጡት፤ አንድ ድስት የሚያበስል ቡድን ሁሉም የሚበላውን ብቻ ቢይዝ ይሻለዋል። ሽሮ፣ በሶና ቆሎ ማንንም አይለዩም።

መንገድ መሪ ወይም ባለ በቅሎ የምትይዙ ከሆነም የራሱን ስንቅ ይዞ ይመጣ እንደሆነ በግልጽ ጠይቁት። ሳትነጋገሩ ከወጣችሁ፣ እናንተ ስትበሉ እሱ ተቀምጦ ሊያያችሁ ስለማይችል፣ ለሦስት ሰው የተመዘነው ለአራት ይሆንና በሦስተኛው ቀን ያልቃል። በመጨረሻም የግማሽ ቀን መጠባበቂያ ጨምሩ፤ ጭጋግ በታርማበር ላይ ሲወርድ መንገዱን ስለሚሰውር፣ ለመድረስ ያሰባችሁበት ሰዓት ሊያልፍ ይችላል።

2. የአንድ ቀኑን መጠን መዝኑ።

ሸክም ይዞ ቀኑን ሙሉ በደጋ ለሚጓዝ ሰው በቀን 3,000 ኪሎ ካሎሪ ገደማ መነሻ ይሁነው፤ ሰውነቱ ገዘፍ ያለና ዳገት የሚበዛበት ሰው ከዚህም በላይ ያስፈልገዋል። አንድ ግራም ስብ 9 ኪሎ ካሎሪ ሲሰጥ፣ አንድ ግራም ስታርች ወይም ፕሮቲን የሚሰጠው 4 ብቻ ነው። ስለዚህ በየቀኑ ስንቅ ውስጥ ጥቂት ቅቤ፣ ዘይትና ኦቾሎኒ ማስገባት ሸክሙን ከሁሉ ይልቅ ያቀልለዋል።

የአንዱ ቀን ድርሻ 200 ግራም በሶ፣ 150 ግራም ድርቆሽ፣ 120 ግራም ቆሎ (ከዚህ 40 ግራሙ ኦቾሎኒ)፣ 60 ግራም ሽሮ፣ 60 ግራም ዳቦ ቆሎ፣ 60 ግራም ስኳር፣ 50 ግራም ቅቤና 30 ግራም ቋንጣ ነው። ይህ ሁሉ ሲደመር 730 ግራም ይመዝናል፤ የሚሰጠውም ጉልበት ወደ 3,000 ኪሎ ካሎሪ ይጠጋል። የአራት ቀኑ ከሦስት ኪሎ ያንሳል ማለት ነው። ድርቆሹ ብቻ በትኩስ እንጀራ ቢተካ ለዚያው ጉልበት በየቀኑ ከ350 ግራም የማያንስ እንጀራ መያዝ ግድ ይሆናል።

ሚዛን ሁልጊዜ አይገኝም። ስለዚህ አንድ ጊዜ 100 ግራም በሶና 60 ግራም ሽሮ አስመዝናችሁ በምትይዙት ኩባያ ላይ እያንዳንዱ የት ድረስ እንደሚደርስ በማርከር አስምሩ። ከዚያ በኋላ ኩባያው ሚዛናችሁ ነው።

3. በሶውን አዘጋጁ።

ገብሱ ተለቅሞ፣ ተፈትጎ፣ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶና ተነፍቶ የተዘጋጀ ሊሆን ይገባል። የምትገዙት ከሆነ ከመግዛታችሁ በፊት ቁንጥር አድርጋችሁ ቅመሱት። በደንብ ያልተቆላ በሶ ጥሬ ዱቄት ዱቄት ይላል፤ ሆድም ይነፋል፤ ያረረው ደግሞ ይመራል። በሶ መንገድ ላይ ሳይበስል የሚበላው አስቀድሞ በመቆላቱ ስለሆነ፣ ቆላው ካልተስተካከለ ስንቁ ሁሉ ይበላሻል።

የቀኑን 200 ግራም ለሁለት ክፈሉት። ግማሹ ለጠዋት ብጥብጥ በደረቁ ይቀመጥና 30 ግራም ስኳርና ትንሽ ጨው ይቀላቀልበት። ሌላውን 100 ግራም በ35 ግራም ቅልጥ ቅቤና በጨው ለውሳችሁ ጭኮ አድርጉት፤ ጿሚም በዘይት ይለውሰዋል። ጭኮ ለምሳ እጅግ ይመቻል፤ ውኃም እሳትም አይፈልግም። ከአንኮበር ወደ ደብረ ሲና አቅጣጫ በሚወስደው ጋራ ላይ ነፋሱ ምድጃ ለመለኮስ በማይፈቅድበት ሰዓት፣ ሁለት ጭብጥ ጭኮ በልቶ መንገድ መቀጠል ይቻላል።

ቅቤው በደንብ የነጠረ መሆን አለበት። ለጋ ቅቤ አሬራና ውኃ ስላለበት በጥቂት ቀን ይሻግታል፤ ቅቤ ሲነጠር ግን ውኃው ተንኖ ያልቃል። በድስቱ ውስጥ መንጣጣቱ አቁሞ፣ አረፋው ጠፍቶና ከላይ ጥርት ብሎ ስታዩት ደርሷል፤ አተላውን ሳትነኩ ከላይ ቅዱት።

4. ድርቆሹን አድርቁ።

እንጀራውን በስሱ አስጋግራችሁ፣ ቆራርጣችሁ፣ በንጹሕ ጨርቅ ወይም በሰፌድ ላይ ሳይደራረብ ፀሐይ ላይ አስጡት። በእኛ አገር ከጥቅምት በኋላ ቀኑ ፀሐይ ቢሆንም ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ስለዚህ ማታ ማታ ወደ ቤት አስገቡት፤ ውጭ ካደረ ቀን የደረቀውን ያህል ሌሊት እርጥበት ይመልሳል። መድረቁን በዐይን አትመኑ። ከወፍራሙ በኩል አንድ ቁራጭ አንሡና ስበሩት፤ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርሷል፤ ከታጠፈ ወይም እንደ ቆዳ ከተለጠጠ አንድ ቀን ይጨመርለት። ከረጢት ውስጥ ከገባ በኋላ አንድ እርጥብ ቁራጭ የቀረውን ሁሉ ያሻግታል።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ስላየሁት ነው። በአንድ ጉዞ ላይ አብሮን የነበረ ወጣት እናቱ በፍቅር የቋጠሩለትን ትኩስ እንጀራና ግማሽ የደረቀ ድርቆሽ በአንድ ከረጢት አድርጎ ይዞ ነበር። ጉዟችንን የጀመርነው ከጀማ ሸለቆ ሙቀት ነበርና በሦስተኛው ቀን ከረጢቱን ሲፈታ የድርቆሹ ጫፍ አረንጓዴ ሻጋታ አውጥቶ፣ ሽታው ከሩቅ ይሰማ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ በጀርባው ያወጣውን ስንቅ ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበረው፤ ለቀረው መንገድ የሁላችንም በሶ ተቀነሰ።

5. ቋንጣውንና ሽሮውን አዘጋጁ።

ቋንጣው ስብ የሌለበት፣ በቀጭኑ የተዘለዘለ፣ ጨውና በርበሬ የተቀባ፣ ነፋስ በሚገባበት ደረቅ ቦታ ተሰቅሎ እስኪሰበር የደረቀ ይሁን። ከደረቀ በኋላ ቤታችሁ ሳላችሁ በትንንሹ ቆራርጡት፤ ትንሽ ቁራጭ በቶሎ ስለሚበስል ነዳጅ ይቆጥባል።

ሽሮው ቅመሙና በርበሬው አብሮ የተፈጨ ምጥን ሽሮ ይሁን፤ ለየብቻ ሽንኩርትና ቲማቲም መያዝ ውኃ መሸከም ነው። ባቄላ፣ ክክ ወይም ምስር ለምን እንደማልመክር ብዙዎች ይጠይቁኛል። ምክንያቱ ከፍታው ነው። በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ በደብረ ብርሃን ከፍታ በ91 ዲግሪ ገደማ፣ ከ3,200 ሜትር በላይ በሆነው በጓሳ ደግሞ በ89 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ውኃው ቢንተከተክም ሙቀቱ ያነሰ ስለሆነ ክኩ ሰዓት ሙሉ ተጥዶ ጥሬ ይቀራል፤ ነዳጁ ያልቃል። ሽሮ ግን የተቆላና የተፈጨ ስለሆነ ይህ አያስቸግረውም።

6. በቀን በቀን ከፋፍላችሁ እሰሩ።

የእያንዳንዱን ቀን ስንቅ በአንድ ከረጢት አድርጋችሁ «ቀን 1»፣ «ቀን 2» እያላችሁ ጻፉበት። በጅምላ የተያዘ ስንቅ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ያለ ልክ ይበላና መጨረሻው ላይ ያጥራል። ዱቄት የሆነው ሁሉ በድርብ ከረጢት ይግባ፤ ከመታሰሩ በፊትም አየሩ ይውጣ። የመጨረሻውን ቀን ከታች፣ የመጀመሪያውን ከላይ አድርጉ። ጭኮው፣ ቆሎውና ዳቦ ቆሎው ሻንጣው ሳይፈታ በሚገኝበት ኪስ ይቀመጡ።

የቅቤው ጠርሙስ ለብቻው ታስሮ ቆሞ ይጓዝ። ወደ ጀማ ሸለቆ ስትወርዱ ይቀልጣል፤ ክዳኑ ከላላ ልብሱንም ስንቁንም ያበላሻል። በጓሳ ሌሊት ደግሞ እንደ ድንጋይ ስለሚጠጥር አፉ ሰፊ የሆነ ጠርሙስ ምረጡ።

7. የውኃውን ነገር ከስንቁ ጋር አስቡ።

ደረቅ ስንቅ ውኃ ይፈልጋል። 100 ግራም በሶ ለመበጥበጥ ሲሶ ሊትር፣ የማታውን ሽሮና ድርቆሽ ለመሥራት አንድ ሊትር ገደማ ያስፈልጋል፤ ይህ ከምትጠጡት ሌላ ነው። ስለዚህ ከመነሣታችሁ በፊት የየዕለቱ ማደሪያ ውኃ ያለው መሆኑን የአካባቢውን ሰው ጠይቁ። «ምንጭ አለ?» ብቻ ሳይሆን «በዚህ ወር ይፈስሳል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ በጥቅምት የሚፈስስ ምንጭ በየካቲት ሊደርቅ ይችላል።

ውኃውን ሳታክሙ በሶ አትበጥብጡ። በሶ እሳት ስለማይነካው ውኃው የያዘውን ሁሉ በቀጥታ ወደ ሆድ ይወስዳል። በማፍላት የምታክሙ ከሆነ ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ ቦታ ከተንተከተከ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። በኬሚካል ከሆነ በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን መጠንና ሰዓት ጠብቁ፤ ውኃው በጣም ቀዝቃዛ ወይም ድፍርስ ከሆነ ማከሚያው ቶሎ ስለማይሠራ፣ አጥልላችሁ ረዘም ላለ ጊዜ አቆዩት።

8. ቤታችሁ ሳላችሁ አንድ ቀን ሞክሩት።

ከጉዞው አንድ ሳምንት ቀደም ብላችሁ የአንዱን ቀን ስንቅ በዚያው ምድጃና በዚያው ድስት ሠርታችሁ ብሉ። በዚህ ሙከራ ሦስት ነገር ታያላችሁ፤ መጠኑ ይበቃችሁ እንደሆነ፣ ሆዳችሁ ይቀበለው እንደሆነና ነዳጁ ስንት ደቂቃ እንደሚነድ። የነዳጁን ደቂቃ ጻፉት፤ ለጓሳ ብርድና ነፋስ ግማሽ ያህሉን ጨምሩበት።

የማታው ምግብ አሠራር ይህ ነው። ቋንጣውን ከመድረሳችሁ አንድ ሰዓት በፊት በኩባያ ውኃ ዘፍዝፉት። ስትደርሱ ከነውኃው ጥዳችሁ አሥር ደቂቃ አፍሉት። ሽሮውን ለብቻው በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጡና እያማሰላችሁ ጨምሩት፤ በፈላው ላይ ዱቄቱን በቀጥታ ከነሰነሳችሁበት ይጓጉላል። ሩብ ሰዓት ያህል ከተንተከተከ በኋላ ቅቤውን ጨምሩ፤ እሳቱን አጥፍታችሁ ድርቆሹን ሰባብራችሁ ክተቱና ክዳኑን ግጠሙት። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ድርቆሹ መረቁን ጠጥቶ ፍርፍር ይሆናል።

9. መንገድ ላይ ሳይርባችሁ ብሉ።

ከፍታው ሲጨምር የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል። ድካሙ ግን አይቀንስም፤ እንዲያውም ዳገት ላይ እግር የሚከዳው ብዙ ጊዜ ጠዋት በቂ ባለመብላት ነው። ጠዋት ብጥብጡን ጠጡ፤ ከዚያ በየሰዓቱ አንድ እፍኝ ቆሎ ወይም ዳቦ ቆሎ ቅመሱ፤ እኩለ ቀን ላይ ጭኮውን ብሉ። የቀረውን ስኳር ለማታው ሻይ አስቀምጡት፤ ብርዱ ከመግባቱ በፊት የሚጠጣ ጣፋጭ ሻይ ለሌሊቱ ይረዳል።

ማስጠንቀቂያ

- ምድጃም ሆነ ከሰል ድንኳን ወይም የተዘጋ ክፍል ውስጥ አታንድዱ፤ የማይታየውና የማይሸተው ጭስ በእንቅልፍ ላይ ይገድላል።
- ቋንጣ ያልበሰለ ሥጋ ነው። መድረቁ አያበስለውምና ሳታፈሉት አትብሉት።
- የሻገተ ወይም የጠቆረ ኦቾሎኒ ጣሉት፤ ማጠብም መቁላትም የሻጋታውን መርዝ አያጠፋውም።
- ለምድጃ ብላችሁ በወፍ ዋሻም ሆነ በጓሳ እንጨትና ቁጥቋጦ አትቁረጡ፤ ሁለቱም ጥብቅ ቦታዎች ናቸው።
- ለጭላዳ ዝንጀሮዎች ምግብ አትስጡ፤ ትራፊም አትተዉ። ሰው የሚሰጠውን የለመደ እንስሳ ቀጥሎ የገበሬውን እህል ይፈልጋል። ጥቅል ከረጢቱን ሁሉ ይዛችሁ ተመለሱ።
- ቋንጣና ቅቤ ሽታቸው ጅብ ስለሚጠራ ማታ ቤት ካለ ቤት ውስጥ አስቀምጧቸው፤ ከተኛችሁበት ድንኳን አታስገቡ።
- የስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ይህን ጨውና ስኳር የበዛበትን ስንቅ ሐኪሙን ሳያማክር አይያዝ።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስህተቶች

ከሁሉ የሚበዛው ስህተት «ይርበኝ ይሆናል» በሚል ፍርሃት ስንቁን እጥፍ ማድረግ ነው። ስድስት ኪሎ የተሸከመ ሰው ሦስት ኪሎ ከተሸከመው ይልቅ ቶሎ ይደክመዋል፤ ስለደከመውም አይበላም፤ ግማሹን መልሶ ይዞት ይገባል። መጠባበቂያው ግማሽ ቀን ነው፤ ከዚያ አይለፍ።

ሁለተኛው ቆሎ ብቻ ይዞ መውጣት ነው። ቆሎ ጥሩ ስንቅ ቢሆንም በብርድ ለአራት ቀን ብቻውን ሲቆረጠም መንጋጋን ያደክማል፤ ሆድንም ያደርቃል። ትኩስና ለስላሳ ነገር በቀን አንድ ጊዜ ያስፈልጋል።

የታሸገ ሥጋና ዓሣ በጣሳ መያዝም የተለመደ ነው። ጣሳው ከባድ ነው፤ ባዶውም ተመልሶ መሸከም አለበት።

ሌላው ጨውን መርሳት ነው። ደጋው ብርድ ስለሆነ ሰው የማያልበው ይመስለዋል፤ ነገር ግን ነፋሱ ላቡን ወዲያው ስለሚያደርቀው ነው እንጂ ዳገት የሚወጣ ሰውነት ያልበዋል። ራስ ምታትና የጡንቻ መሸማቀቅ የጀመረው ሰው ውኃ ብቻ ሳይሆን ጨውም ሊያንሰው ስለሚችል አንድ እሽግ ኦ አር ኤስ በጥብጣችሁ ስጡት። ራስ ምታቱ ከማስመለስ ጋር ከቀጠለ ግን ጉዳዩ የስንቅ ሳይሆን የከፍታ ሊሆን ስለሚችል ወደ ዝቅተኛ ቦታ አውርዱት።

ከጉዞ ስትመለሱ የተረፈውን መዝናችሁ በየዓይነቱ ጻፉት። ድርቆሽ ተርፎ ዳቦ ቆሎ ያለቀበት ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ምን መቀነስና ምን መጨመር እንዳለበት ከዚያ ወረቀት ላይ ያገኘዋል።